ከአራት መቶ ስልሳ በታች

ማንአህሎሽ ሽብሩ ጎርፎ በር በገባች በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የእጇ አምባር አራት መቶ ሰማንያ ስምንት አለ። ትናንት በዚህ ሰዓት አራት መቶ ሰማንያ ሁለት ነበር። ለመርዶ የሚፈቀደው ከአራት መቶ ስልሳ በታች ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች። እስከ ሃያ ቆጠረች። ዓይኗን ጨፍና ስለ ምንም ላለማሰብ ሞከረች። ስትገልጥ አራት መቶ ዘጠና ሆኗል።

ጎርፎ በር ውስጥ ከአሥራ አንድ ሰው አንዱ የቀስታ ሰው ነው። ልቡ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመሰናዳት ከሌላው ሰው ልብ ትንሽ ይዘገያል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። የአምባሩ ቁጥር ያንን መዘግየት ይለካል፤ ከፍ ሲል አደጋው ይጨምራል። በዚያች የመዘግየት ቅጽበት ድንጋጤ ከደረሰበት ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መንደሩ ጥሩምባ የለውም። በር አይንኳኳም፤ እንግዳ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ጨርቅ አወዛውዞ የቤቱ ሰው እስኪያየው ይቆማል። ውሾቹ የማይጮኹ ሆነው ይወለዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ወርዶ በሰዓቱ ሰማያዊ መብራት ይበራል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ፣ የተደበቀችውን ያገኘ ልጅ «ያዝኩሽ» ብሎ አይጮህም፤ ሄዶ አጠገቧ ይቀመጣል።

ማንአህሎሽ ለትምህርት ስትወጣ ይህ ሁሉ አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት በሰሜን አውሮፓ የቅጠልን ሥራ ስታጠና ቆይታ፣ አዲሱን ጤፍ እንድትለካ ተልካ ነው የመጣችው። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አንድ ሠራተኛ የውጭውን አምባሯን አስወልቆ ሣጥን ውስጥ ጣይው አላት፤ ጣለችው። በምትኩ «እንግዳ» የሚል ቁጥር ያለው ሌላ አሰረላት። እዚያው ከተማ አድራ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ወርዶፋ የሚባሉ የአባቷ ጎረቤት ከአውቶቡሱ በባጃጃቸው ተቀብለዋት፣ መንገዱን ሙሉ ሲያስቋት መጡ።

«ጥሩምባ የሌለው ባጃጅ ማለት ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ማለት ነው፤ እንደ አባትሽ» አሉ። «ማስፈራራት አይችልም፤ ዝም ብሎ መንገዱ እስኪለቀቅለት ይጠብ...»

አልጨረሱትም። ባጃጁ የአባቷ ደጃፍ ደርሶ ነበር። በሩ እጀታ ላይ ግራጫ ክር ታስሯል። ጋሽ ወርዶፋ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሻንጣዋን በቀስታ መሬት አስቀምጠው «እኔ ምንም አላየሁም» ብለው ሄዱ። በሩን የከፈተችላት የአጎቷ ሚስት እትዬ በላይነሽ፣ ስታቅፋት በአንድ እጇ ክሩን በጥሳ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብስ ማስጫ ነበር፣ የኔ ልጅ። ተበጠሰ።»

ክሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። በድሮው ጊዜም መርዶ እንደ ዘበት የሚነገር ነገር አልነበረም። ሰው ይሞትና ዘመዱ ሳይሰማ ቀናት ያልፋሉ፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው ማለዳ ይሄዱበታል። ይህንኑ ልማድ ነው የመርዶ ጽሕፈት ቤት ወስዶ ደንብ ያደረገው። የሟቹ ስም በወረቀት ታሽጎ ይመጣል፤ ስልክ ወሬ ያሾልካል ተብሎ ነው። በር ላይ በሚታሰር ግራጫ ክር ለጎረቤት የሚነገረው መርዶ መኖሩ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው። ተቀባዩ የቀስታ ሰው ከሆነ ቁጥሩ እስኪወርድ ይጠበቃል። እስከዚያ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ ወደ እሱ አይሄድም፣ ከእሱም አይመጣም።

ማንአህሎሽ የቀስታ ሰው ነች። አባቷም እንዲሁ። ታላቅ ወንድሟ ይትባረክ በአሥር ዓመቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ደወሉ አጠገብ ቆሞ ሳለ ተደውሎ፣ እዚያው ወድቆ ቀርቷል። እናቷ ከዚያ በኋላ አልቆዩም። የአቶ ሽብሩ ቤት ሁለት ሰው ሆኖ ቀረ። አቶ ሽብሩ ከይትባረክ ወዲህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ሲጠሯት እንኳ መጥተው ትከሻዋን ነው የሚነኩት።

አሁን ግን ቤት የሉም።

እትዬ በላይነሽ ቁርስ አቅርባ ከመቀመጧ በፊት የማንአህሎሽን እጅ ገልበጥ አድርጋ አየች።

«አራት መቶ ዘጠና! አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ተረጋጊ እንጂ።»

«ይንገሩኝና ልረጋጋ።»

«ተረጋጊና ይነገርሻል።»

«አባባ የት ነው?»

«ጠበል ሄዷል አልኩሽ።»

«ትናንት ጥርሱን ሊታከም ደብረ ብርሃን ነው ያሉኝ።»

«ጠበሉም ጥርሱም አንድ መንገድ ነው።»

«እትዬ፣ አባባ ጥርስ የለውም! በስልክ ሲስቅ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል የሄደው!» አለች እትዬ በላይነሽ ሳታመነታ፣ ዳቦውን ወደ እሷ እየገፋች። «ብዪ። ቅጠል ሲተነፍስ ለመስማት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተምረሽ፣ የራስሽን ትንፋሽ መያዝ አቃተሽ?»

ማንአህሎሽ አልሳቀችም። እትዬ በላይነሽ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ጫፉን ዓይኗ ላይ አንድ ጊዜ አስነካችው።

ማንአህሎሽ አየቻት። አምባሩ አራት መቶ ዘጠና አምስት አለ።

የምትለካበት ማሳ ከመንደሩ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። አዲሱን ጤፍ ገበሬው «ነቄ» ይለዋል። ፀሐይ ሲበረታ ማንኛውም ቅጠል እንዳይቃጠል ሥራውን ይቀንሳል፤ ደመና ሲጥልበት ግን ወደ ሥራው ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። አሮጌው ጤፍ ሩብ ሰዓት ገደማ ፈዞ ይቆያል። ነቄ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከማንአህሎሽ የትምህርት ዓመታት ሰባቱ ያለቁት ያንን ሩብ ሰዓት በማሳጠር ነው። ምርቱ በአንድ ሦስተኛ ጨምሯል፤ ጋዜጦች ጽፈውታል። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ዛሬ ቅጠሉን በመለኪያው ቆንጥጣ ደመናውን ስትጠብቅ፣ ደስታው የት እንደገባ አላወቀችም። ደመናው መጣ። ነቄ ወዲያው ለሥራ ተነሳ። ደመናው ሄደ። ነቄ ወዲያው ጎንበስ አለ። እንደገና ተነሳ። ማሳው በሙሉ፣ እስከ ተዳፋቱ ጫፍ ድረስ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፤ አንድም ጊዜ አያርፍም። ማን ጠየቀው? ብላ አሰበች። ሃሳቡ የአንድ ተመራማሪ ሃሳብ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ከነቄው ማሳ ቀጥሎ፣ መርዶ የሚጠብቁ ሰዎች ከሚቆዩበት፣ ማረፊያ ከሚባለው ነጭ ሕንፃ በታች፣ የአባቷ አሮጌ ጤፍ አለ። አቶ ሽብሩ ነቄ አልዘራም ብለው ከቀበሌው ጋር የተጨቃጨቁበት ግማሽ ጥማድ መሬት ነው። ለማነጻጸሪያ ጥቂት ቅጠል ልትለካ ገባች።

ማሳው ታርሟል። ገና ዛሬ ወይ ትናንት። ሙጃው ተነቅሎ በትንንሽ እስር ተደርድሯል፤ ሥሩ በሙሉ ወደ ፀሐይ ዞሯል። እያንዳንዱ እስር በራሱ ሣር ወደ ግራ ተጠምዝዞ ተቋጥሯል።

ማንአህሎሽ ቁጭ አለች። መንደሩ ውስጥ ወደ ግራ የሚቋጥር አንድ ግራኝ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ከእሷ ጋር ሁለት ናቸው። ሕፃን ሳለች ይህንኑ ቋጠሮ አባቷ እጇን ይዘው አስተምረዋታል። «ሥሩን ወደ ፀሐይ ካላዞርሽው መልሶ ይይዛል» ይሏት ነበር፣ በዚያ የማይሰማ ድምፃቸው።

አባቷ አልሞቱም።

አምባሩ ነዘራት። አላየችውም። ተነስታ ቁልቁል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች፤ መሮጥ ክልክል ስለሆነ ፈጠን ብላ።

የመርዶ ጽሕፈት ቤት ወንበሮች እግራቸው ጨርቅ ለብሷል። ኃላፊው አቶ ኅሩይ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነው የሚናገሩት። ከፊቷ በፊት እጇን አዩ።

«አምስት መቶ ሁለት። እህቴ፣ ዛሬ ልናወራ አንችልም። ውሃ ይጠጡና ይሂዱ።»

«አባቴ በሕይወት አለ።»

አቶ ኅሩይ የውሃውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«አልጠየቅኩዎትም፤ ነገርኩዎት። ማረፊያው ውስጥ ነው። ያረመውን አይቻለሁ። እንግዲያው የሞተው ማን ነው?»

«እኔ የማውቀው ተቀባዩን ብቻ ነው። የሟቹ ስም እዚህ ታሽጎ ነው ያለው።» የጠረጴዛውን መሳቢያ በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። «የሚከፈተው በዕለቱ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ነው።»

«ዕለቱ መቼ ነው? እኔ እስክረጋጋ ከሆነ ልነግርዎት እችላለሁ፤ በዚህ ዓመት አይሆንም።»

ሰውየው ሳያስቡት ፈገግ አሉ። መዝገቡንም የገለጡት ፈገግታው ላይ እንዳሉ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም ነበር።

«ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የእርስዎን ቁጥር አይጠብቅም። ተቀባይ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከትናንት ማታ ጀምሮ አራት መቶ ሃምሳ አምስት ላይ ረግተዋል።» ከዚያ የከንፈራቸውን ጫፍ ነከሱ። «ይህን መናገር አልነበረብኝም።»

«እኔ የለሁበትም?»

«የሉም።»

«ልጁ ነኝ እኮ!»

አቶ ኅሩይ መዝገቡን በጣታቸው እንደገና ወረዱበት፣ ገልብጠው የጀርባውንም አዩ። «ምናልባት እንግዳ ስለሆኑ...»

ማንአህሎሽ አልሰማቻቸውም። እየቆጠረች ነበር። ለቆጠራው ጣት አያስፈልግም፤ የአቶ ሽብሩ ቤት ሁለት ሰው ነው። የአንድ ቤት መርዶ ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀባይ ነው። በተቀባይ መዝገብ ላይ ስሙ የማይገኝ የቤተሰብ አባል አንድ ብቻ ነው።

ሳቀች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከተሳቀ ብዙ ዓመት ሆኖት መሆን አለበት፤ ከጎረቤት ክፍል አንዲት ጸሐፊ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። አምባሩ ነዘረ፣ እንደገና ነዘረ። አቶ ኅሩይ ውሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሱ።

«ይክፈቱት» አለች።

«አይቻልም።»

«እንግዲያው የተጻፈውን እኔ ልንገርዎት። ማንአህሎሽ ሽብሩ ወልደየስ። ሴት። ዕድሜ ሠላሳ ሦስት። ከሦስት ቀን በፊት። ከተሳሳትኩ ወረቀቱ እንደታሸገ ይቆያል፤ እኔም ሄጄ እተኛለሁ።»

ሰውየው ውሃውን አስቀመጡ። መሳቢያውን ከፈቱ። ማኅተሙን በጥፍራቸው አነሱ። አነበቡ። አጠፉት። መልሰው ዘረጉት።

«ስምዎ ማን ነበር ያሉኝ?»

«ነበር አይበሉኝ እባክዎ።»

ወረቀቱ ላይ ያለው አጭር ነው። ስሟ፤ ዕድሜዋ፤ ከዚያ «ለሃያ አራት ሰዓት ምት አልተመዘገበም»። አምባሯ አውሮፕላን ጣቢያው ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ስሟን ይዞ፣ እጅ ፈልጎ አጥቶ ነበር። የሚዘጋው ሰው ሳይዘጋው ቀርቷል። ሌላው ሁሉ እንደ ደንቡ ሄዷል። ክሩ ታስሯል፣ አባቷ ማረፊያ ገብተዋል፣ ጎረቤቱ ዝም ብሏል። እትዬ በላይነሽ እሷን በዓይኗ እያየች፣ ሟቹ ሌላ ሩቅ ዘመድ ነው ብላ ሳትጠይቅ አልቅሳላታለች። መንደሩ ውስጥ አንድ ሰው ነውሩን ደፍሮ «ማን ነው?» ቢል ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር።

«ማስተካከያ አለው» አሉ አቶ ኅሩይ። «ዘጠኝ ቀን ይወስዳል።»

«መርዶው ነገ ነው!»

«ማመልከቻውን ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚያቀርበው። እርስዎ ደግሞ...» መሬት መሬት አዩ። «የሞተ ሰው ማመልከት አይችልም። እኔ እንኳ አልሄድም ብል፣ ከወረዳ ሌላ ሰው ይልካሉ።»

«ሄጄ እነግረዋለሁ። በሩን ከፍቼ እገባለሁ፤ ይኸው አለሁ እለዋለሁ።»

«እህቴ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው እንደ ሰው ድምፅ ሆነ፣ «መኖርዎም ወሬ ነው። አምና አንዲት እናት እዚሁ ማረፊያ ውስጥ ነበሩ። ሞተ የተባለ ልጃቸው ከበረሃ ተርፎ መጣ። እሱም እንደ እርስዎ አላስቻለውም። በሩን ከፍቶ ‹እማዬ› አለ።» ውሃውን ራሳቸው ጠጡት። «ደስ እንዳላቸው ነው የሄዱት።»

ማንአህሎሽ ያናደዳት ሰውየው ልክ መሆናቸው ነው። ግን ከዚያ በላይ ሌላ ነገር ደረቷ ላይ ተቀመጠ። አራት መቶ ሃምሳ አምስት። አባቷ ለምን እንደዚያ ረጉ? ማረፊያ ሲያስገቧቸው እሳቸውም ቆጥረዋል። የቀራቸው ልጅ አንድ ነው፤ መቁጠሩ ከባድ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሙጃ እየነቀሉ፣ ሥሩን ወደ ፀሐይ እያዞሩ፣ ማንም ሳይነግራቸው ቀብረዋታል። ቁጥሩ የወረደው ተስፋ ስለቆረጡ ነው።

«የማረፊያው ሰዎች ከሰዓት በኋላ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«ያርማሉ። ቁጥሩን ያወርዳል።»

«ከእነሱ ጋር መነጋገር ክልክል ነው።»

«ክልክል ነው።»

«መጠጋትስ?»

አቶ ኅሩይ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሙጃ የሚነቅል ሰው የሚያስቆም ደንብ የለኝም» አሉ ለመስኮቱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሳው ግርጌ ደረሰች። አባቷ ከላይኛው ጫፍ ጎንበስ ብለው ነበር። ከስተዋል። በቀኝ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው በግራ ይነቅላሉ። በመካከላቸው መቶ እርምጃ ያህል አለ።

ማንአህሎሽ የአምባሩን ፊት ወደ ውስጥ አዞረችው። መለኪያዋን ዳር አስቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች። ትልሟን ይዛ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ሙጃ ነቀለች።

እጇ ረስቶታል። ሙጃውና ጤፉ ገና ለጋ ሳሉ ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጤፍ ነቅላ ደነገጠች። ቀስ በቀስ እጇ አስታወሰ። ነቀለች፣ አራገፈች፣ ሥሩን አዞረች፣ ወደ ግራ ጠመዘዘች። ቀና አላለችም። ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰው ነች፤ ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፣ ደቦ የመጣች ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ እንደዚያ እንዲመስላቸው ነው የፈለገችው። ከዚያ ሴት መሆኗን ይዩ። ከዚያ ግራኝ መሆኗን። አንድ በአንድ ይድረሳቸው፤ በየመካከሉ ጊዜ ይኑር።

ደመና መጣ። ከጎን ያለው ነቄ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ እሷ ያለችበት አሮጌ ጤፍ ፈዞ እንደቆየ ቆየ። ሰባት ዓመት የታገለችውን ያንን ሩብ ሰዓት አሁን እንዲረዝምላት ፈለገች።

ሃምሳ እርምጃ ቀረ። ሠላሳ። የሳቸውን ትንፋሽ የምትሰማ መሰላት። አንዴ ሳሉ። እጇን አላቆመችም። አንዲት ነርስ ከሕንፃው በረንዳ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ሁለት ሰዎች ያርማሉ፤ ገብታ ሄደች።

አሥር እርምጃ ሲቀር የአባቷ እጅ ቆመ።

ቆመ፣ ቆየ። ማንአህሎሽ የሚታያት መዳፋቸው ብቻ ነው፤ የተነቀለ ሙጃ እንደያዘ አየር ላይ ቀርቷል። ሩጪ፣ ያዣቸው የሚል ነገር ከውስጧ ገፋት። ጥርሷን ነክሳ ሌላ ሙጃ ነቀለች። አራገፈች። ሥሩን ግን ማዞር ረሳች፤ እንዲሁ መሬት ላይ ጣለችው።

ደመናው እያለፈ ነበር። ብርሃኑ ከማሳው ጫፍ ጀምሮ ወደ እነሱ ቀስ ብሎ መጣ።

«ሥሩን» አለ አንድ ድምፅ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ብሎ። «ሥሩን ወደ ፀሐይ አዙሪው። መልሶ ይይዛል።»

አዞረችው። እንባዋ እጇ ላይ ወደቀ። «አባባ...»

«እሽሽ። ገና ነው።» አየር ላይ የቀረው እጅ ወረደ፣ ሙጃውን በሥርዓቱ አስቀመጠ። «ቀና አትበዪ፣ ማኔ። እኔም አላልኩም። እዚያ መካከል ድንጋይ ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«እስከ እሱ እንረም። አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። ስንደርስ ነው የምንተያየው።»

ድንጋዩ ከሁለቱም አምስት አምስት እርምጃ ይርቃል። ማንአህሎሽ ወደሚቀጥለው ሙጃ እጇን ዘረጋች።